የሱባሩዋ ግራ ጎን

ሰሞኑን ሞጆ ደረቅ ወደብ የአንድ ኮንቴይነር በር ሲከፈት ያ ሽታ ድንገት ፊቴን መታኝ። የተቃጠለ ዘይት፣ የዛገ ውኃ፣ ከሥሩ ደግሞ ስስ የቤንዚን ጠረን። ሥራዬ ትራንዚተርነት ነው፤ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ ሳስለቅቅ ነው የምውለው፤ አሮጌ ሞተር ማየት ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም። ያን ቀን ግን ከተደረደሩት ሞተሮች መካከል አንዱ ጠፍጣፋ ነበር። ሌሎቹ ቀጥ ብለው ሲቆሙ እሱ ብቻ ግራና ቀኝ ክንዱን ዘርግቶ በጀርባው እንደተኛ ሰው ተንጋሏል። ፈታሹ ወረቀቱን እያገላበጠ «ይኼኛው ደግሞ የምንድን ነው?» አለኝ። «የሱባሩ» አልኩት። ፀሐዩን ሰበብ አድርጌ ከኮንቴይነሩ ራቅ አልኩ።

እስቲ ልንገርህ፤ ለማንም በቅጡ ተናግሬው አላውቅም።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ጂማ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የመጀመሪያውን ዓመት ሳላጋምስ እናቴ ሞተችና ወደ አዳማ ተመለስኩ። እህትም ወንድምም የለኝም፤ አባቴን ለማን ጥዬው ልሂድ? ለአንድ ዓመት ትምህርት ማቋረጫ ፎርም ሞልቼ፣ ሻንጣዬን ይዤ ቤቴ ገባሁ። አንድ ዓመት ምን አላት ብዬ ነበር።

ቤታችን ከባቡር ሐዲዱ ወዲያ፣ ጋሪ የሚበዛበት አቧራማ ሰፈር ውስጥ ነው። ግቢያችን ጠባብ ነበር። በአንድ በኩል የጎረቤት ግንብ፣ በሌላው በኩል ሽንት ቤቱና ኩሽናው፣ ፊት ለፊት የቆርቆሮ በር። በቤቱና በበሩ መሃል የአባቴ መኪና፣ ሱባሩዋ፣ ቆማለች። ነጭ ናት ይባላል፤ እኔ ሳውቃት ግን የአዳማ አቧራ ቀለም ነበራት። አባቴ የገዛት እናቴ በሕይወት ሳለች ነው። የቀድሞ ባለቤቷ በመተሐራ ሙቀት ያለ ውኃ ነድቷት ሞተሯ ተቃጥሎ ነበርና አባቴ «አስነሳታለሁ» እያለ ሦስት ዓመት አቆማት። እናቴ አንድ ቀን እንኳ ሳትቀመጥባት ሄደች።

ወደ ውጭ ለመውጣት በመኪናዋና በግንቡ መሃል ሆዴን ስቤ፣ ጎኔን አጥብቤ ማለፍ ነበረብኝ። የቀሚሶቼ ሁሉ ዳሌ ላይ ጥቁር የዘይት መስመር ነበር። ገበያ ስሄድ ሴቶቹ ያን መስመር አይተው ዓይናቸውን ያሸሹ ነበር። እኔም ቀስ በቀስ መውጣቱን ተውኩት።

አባቴ በጅቡቲ መስመር ሠላሳ ዓመት ተሳቢ የነዳ ሰው ነበር። ሥራውን ሲተው ለሰው ሁሉ «ጉልበቴ አስቸገረኝ» ነበር ያለው። የእናቴ አርባ ካለፈ በኋላ ግን ከአልጋው መነሳቱንም ተወ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛል። ምሳ ሳቀርብለት «አስቀምጪው» ይላል፤ ማታ ሳነሳው እንደነበረ ነው። ከሰዓት በኋላ ከቦኩ ኮረብታ በኩል የሚመጣው ነፋስ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ፣ እኔ ኩሽና በር ላይ ተቀምጬ ያን ድምፅ አዳምጣለሁ። ሌላ የማዳምጠው ነገር አልነበረም።

በጥር አንድ ጠዋት የቀድሞ ረዳቱ መጣ። ይህ ሰው ስምንት ዓመት ከአባቴ ጋር ተሳቢው ላይ የሠራ፣ በኋላ ራሱ ሹፌር የሆነ፣ የመቂ ልጅ ነው። አይሱዙውን በር ላይ አቁሞ በመኪናዋና በግንቡ መሃል እየተገፋ ገባና ከመኝታ ቤቱ ደጃፍ ላይ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ጋሼ፣ አከም ቡልተኒ?» አለ በኦሮምኛ፤ እንዴት አደሩ ማለቱ ነው።

«ነጋ፣ ነጋ» አለ አባቴ፣ ሳይዞር።

«ሞተር አገኘሁልዎ። ሞጆ ላይ የተጋጨች፣ የእርስዎን የምትመስል ሱባሩ ናት። ከኋላ ተጨፍልቃለች፤ ሞተሯ ግን አልተነካም።»

አባቴ ቀስ ብሎ ተገላበጠ። «ዘይቱ ውስጥ ውኃ ገብቷል?»

«አልገባም ጋሼ። ራሴ አይቼዋለሁ፤ ማር ነው የሚመስለው።»

አባቴ በባዶ እግሩ ወጣ። አይሱዙው ላይ ወጥቶ የተጫነውን ሞተር በሁለት እጁ ዳበሰው፤ እንደ በግ ገዢ ጎንና ጎኑን ጨበጥ ጨበጥ አደረገው። ሲወርድ ጢሙ ውስጥ ፈገግታ ነበር። ከእናቴ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው። «አንቺ ልጅ፣ ስሚኝ» አለኝ። «ይቺ መኪና ትነሳና በመስከረም እኔ ራሴ ነድቼ ጂማ አደርስሻለሁ። በአውቶቡስ የሚባል ነገር የለም።»

በደስታ አለቀስኩ። ምን እንደገባሁበት አላወቅኩም።

ረዳቱ ሁለት ተሸካሚዎች ይዞ አሮጌውን ሞተር አወጣልንና ወደ መስመሩ ሄደ። የቀረው የእኔና የአባቴ ሥራ ሆነ። አዲሱ ሞተር በኮምፒውተር የሚታዘዝ ዓይነት ነበር፤ ሽቦው እንደ ጸጉር ከየቦታው ተንጠልጥሏል። አባቴ ሽቦውን በጣቱ ጨብጦ «ይኼን የሚያውቅለት ማን አለ? ይውጣ» አለ። የአሮጌውን ሞተር የነዳጅ መቀላቀያ፣ ካርቡራተሩን፣ ከነመቀመጫው ፈትተን ለአዲሱ ለማልበስ ወሰንን። በሁለቱ ብረቶች መሃል የሚገባውን ጓርኒሲዮን ከወፍራም ካርቶን ላይ በመቀስ ቆረጥኩ፤ ሦስቱን አበላሽቼ አራተኛው ልክ መጣ። የታችኛው የራዲያተር ጎማ አልገጥም ሲል የሚኒባስ የውኃ ጎማ አምጥተን አጎበጥነው። ብሎኖቹን በእናቴ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ በናፍጣ አጠብን። መጀመሪያ ሳፋውን ሲያነሳ «አባዬ፣ እሱንስ ተወው» ብዬው ነበር። «ሌላ ምን አለን?» አለኝ።

አባቴ ሲያስተምረኝ «ዓይንሽን ጨፍኚ» ይለኝ ነበር። «ብሎን በጣት ነው የሚታወቀው። ጥርሱ ሲገባ ይሰማሻል፤ ሲጣመም ደግሞ ይከብድሻል። ዓይን ይሸነግላል።» ጨፍኜ እዳስሳለሁ። አንዳንዴ ከላይ ከግቢያችን የኒም ዛፍ ቅጠል ይረግፍብናል፤ አባቴ ከጀርባዬ ቆሞ ይተነፍሳል። እውነቱን ልንገርህ፣ እነዚያ ሳምንታት ደስ ይሉ ነበር። ብሎን ከነስፋቱ በጣቴ መለየት ቻልኩ። እጄ ጠቆረ፤ ጥፍሬ ሥር የገባው ዘይት በሎሚም በኦሞም አልለቅ አለ።

ግን ማየት ጀመርኩ። ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው ጎን ያፈሰዋል። አጠገቡ ያለችውን መፍቻ በእጁ መሬቱን እየጠረገ ይፈልጋታል። አንድ ቀን የጎረቤታችንን ሰላምታ ሰምቶ ወደ ኒሙ ግንድ ዞሮ እጅ ነሣ። «ለምርመራ እንሂድ» እያልኩ ስለምነው ከረምኩና በሚያዝያ ወደ አንድ የዓይን ክሊኒክ ወሰድኩት። ነርሷ መጀመሪያ ስትጠይቀው «መኪና ይነዳሉ?» አለችው። «መኪና የለኝም» አላት፣ ፊቱ ላይ አንዲት ጡንቻ ሳትንቀሳቀስ። ምርመራው አልቆ እሱ ውጭ አግዳሚው ላይ ሲቀመጥ እኔን ወደ ውስጥ ጠራችኝ።

«የዓይን ግፊት ነው። የጠፋው አይመለስም፤ በጠብታ የቀረውን ለማቆየት ነው። አሁን የሚያዩት በመቃ ቀዳዳ አጮልቆ እንደማየት ነው። ከጎናቸው ምንም የለም።»

ስወጣ አባቴ «ምን አለችሽ?» አለኝ።

«ጠብታ አዘዘችልህ።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

ለምን አልነገርኩትም? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ከአልጋው ያስነሳችው ያቺ መኪና ብቻ ናት። ነገሩን ከአፌ ካወጣሁት ተመልሶ ፊቱን ወደ ግድግዳው የሚያዞር መሰለኝ።

ሰኔ ሲገባ ሞተሩ ቦታው ላይ ተቀምጦ የቀረን ጥቂት ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ደመናው ከብዶ ነፋሱ አቧራ ሲያነሳ፣ አባቴ መሪው ላይ ተቀመጠ። ባትሪም አልታሰረም። በባዶ ማርሽ ይለዋውጣል፣ ፍሬን ይረግጣል፤ ተሳቢ ሲነዳ እንደሚያደርገው ለራሱ ጮክ ብሎ ይናገራል። እኔ ሳፋውን ይዤ ከመኪናዋ በግራ በኩል፣ ከመስተዋቷ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆሜያለሁ። አንገቱን ወደ ግራ አዙሮ ወደ እኔ አየ። አየ ልበል? ዓይኑ በላዬ ላይ አለፈ።

«ግራ ነፃ ነው» አለ።

መሪውን አዞረ።

ናፍጣው ከሳፋው ፈስሶ እግሬን አራሰው። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። በመስከረም በዚህች መኪና ውስጥ አጠገቡ ተቀምጬ፣ በሞጆ የከባድ መኪና ሰልፍ መሃል፣ እሱ «ግራ ነፃ ነው» ሲል ታየኝ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ እኔን ጂማ አድርሶ ብቻውን ሲመለስ ታየኝ።

በማግስቱ ቺንጋዎቹን፣ የሞተሩን ቀበቶዎች፣ የማስር ቀን ነበር። ያ ሞተር ግራና ቀኝ ሁለት ጥርሳም ቺንጋ አለው፤ እያንዳንዱ ቺንጋ የሚዞርበት ክብ ብረት፣ ፑሌጃው ላይ፣ የስንዴ ቅንጣት የምታክል ጎድጓዳ ነጥብ አለች። ሁለቱም ነጥቦች በቦታቸው ካልዋሉ ሞተሩ ይነሳል እንጂ በቅጡ አይሠራም። አባቴ «የቀኙ?» አለኝ። «ልክ ነው» አልኩት፤ ልክም ነበር። «የግራውስ?»

የግራውን ቺንጋ አንድ ጥርስ አሳልፌ አስቀመጥኩት። ሽፋኑን ገጥሜ ብሎኑን አጠበቅኩ። «ልክ ነው» አልኩ።

ሞተሩ ሲነሳ ጎረቤቶች በግንቡ ላይ አንገታቸውን አሰገጉ፤ አንዷ እልል አለች። አባቴ ግን እጁን አንስቶ ዝም አሰኛት። መኪናዋ ሳል እንደያዘው ሰው ትንቀጠቀጣለች። በቀኝ በኩል ደህና ትመታለች፤ በግራ በኩል ትሰናከላለች። ወደ ግራ ጎኗ ዞሮ ጆሮውን ኮፈኑ አጠገብ አደረገ።

«ግራዋ ታሟል» አለ። «ቺንጋው ነው።»

«ቺንጋው ልክ ነው አባዬ። እኔ ነኝ ያሰርኩት።»

«እንግዲያ ካርቡራተሩ ነው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ሌላውን ስንፈታ ከረምን። ካርቡራተሩን ፈታን፣ አጠብን፣ ገጠምን። እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ቀየርን። የነዳጅ ፓምፑን ከአሮጌው ሞተር አምጥተን ተካን። እኔ እየተንበረከክኩ እፈታለሁ፤ እሱ ያዳምጣል፤ ሞተሩ ይነሳል፤ ያስላል። «ቺንጋውን እስቲ እንደገና እይው» ሲለኝ ሽፋኑን እፈታለሁ፣ ትንሽ እቆያለሁ፣ እንደነበረ እገጥመዋለሁ። አራት ጊዜ እንዲህ አደረግኩ። ክረምቱ ገባ። ዝናቡ ሲመጣ ኮፈኑ ላይ ላስቲክ እናለብሳለን፤ ሲያባራ እንገልጣለን። ግቢው ጭቃና ዘይት ሆነ። መኪናዋ ካልዳነች እኔ አልሄድም፤ ከዳነች እሱ ይነዳል። ከጂማ የዶርም ጓደኛዬ እየደወለች «አልጋሽን ይዤልሻለሁ፤ ምዝገባው ቀርቧል፤ ትመጫለሽ አይደል?» ትለኛለች። እኔ ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ ብሎን እያጠበቅኩ «እመጣለሁ» እላለሁ። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

በነሐሴ መጀመሪያ ረዳቱ ከመስመር ተመልሶ መጣ። ሞተሩን ተነስቶ ሲሰማው ግንባሩን ቋጠረ። ልሸኘው በር ድረስ ስወጣ ቀስ ብሎ «እህቴ፣ የግራውን ቺንጋ ልየው እንዴ? አንድ ጥርስ ያለፈ ይመስላል» አለኝ።

«አይቼዋለሁ።»

«ቢሆንም እኔ ልየው።»

«አይቼዋለሁ አልኩህ እኮ!»

ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ባርኔጣውን አደረገና «እሺ» ብሎ ሄደ። የገባው ይመስለኛል። ግን ለአባቴ አንድም ነገር አልተነፈሰም።

ከሳምንት በኋላ አንድ ጠዋት አባቴ ሳይወጣ ቀረ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታለች፤ ከኒሙ ላይ ውኃው ይንጠባጠባል። መፍቻዎቹን አውጥቼ ጠበቅኩት። ሲቆይብኝ ገባሁ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል።

«አባዬ፣ ተነስ እንጂ። ዝናብ ሳይመጣ።»

«ተያት። ብረት ለቃሚ ይውሰዳት።»

«ምነው?»

«ዓይኔ እንደሄደ አውቃለሁ» አለ። «ያን ቀን ክሊኒክ ምን እንዳሉሽ ከድምፅሽ ሰምቻለሁ። እሱ ይሁን። ጆሮ አለኝ ብዬ እኮ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሞተር ያዳመጥኩበት ጆሮ። ጆሮዬ ቺንጋው ነው ይለኛል፤ አንቺ አራት ጊዜ ፈትተሽ ልክ ነው አልሽ። እጅሽ ደግሞ አይሳሳትም፤ እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ። ስለዚህ ጆሮዬም ሄዷል ማለት ነው። ሰው ከዚህ በኋላ ምን ይዞ ይነሳል?»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«ጆሮህ ደህና ነው» አልኩት።

ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበ።

«አባዬ፣ ጆሮህ ደህና ነው። ና ላሳይህ።»

እጁን ይዤ አወጣሁት። ሽፋኑን ፈታሁና ሌባ ጣቱን ወስጄ ነጥቧ ላይ አስቀመጥኩለት። ጎድጓዳዋን በጣቱ ጫፍ አገኛት፤ ከዚያ ልትውልበት የሚገባትን ምልክት ፈለገ። በመሃላቸው በጥፍሩ ቆጠረ። አንድ። እንደገና ቆጠረ። ጣቱን ሳያነሳ ቆየ። በመንገዱ ላይ ጋሪ አለፈ፤ የፈረሱ ኮቴ እስኪርቅ ድረስ እንደዚያው ነበር።

«አራት ጊዜ?» አለኝ።

«አራት ጊዜ።»

«ለምን?»

«ትነዳለህ ብዬ።»

ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ በሕይወቱ መትቶኝ ባያውቅም ይመታኛል ብዬም አስቤያለሁ። ጨርቁን አንስቶ እጁን ጠረገ፤ እያንዳንዱን ጣት ለብቻው። «እውነትሽን ነው» አለ በመጨረሻ። «እነዳ ነበር።» ከዚያ «መልሺው» አለኝ።

መለስኩት። ቺንጋውን ለማስገባት ወትሮ ከሚወስድብኝ እጥፍ ጊዜ ወሰደብኝ። እሱ አጠገቤ ቆሞ አልቸኮለም። ቁልፉን ራሱ አዞረ። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሳ፤ ሳል የለ፣ መሰናከል የለ፣ ወፍራምና የተረጋጋ ድምፅ ግቢውን ሞላው። አባቴ ወርዶ መዳፉን በግራ ጎኗ ላይ አሳረፈና እንደ ሐኪም አዳመጠ። «እንዲህ ነው» አለ። «እንዲህ ነው እንጂ።»

ከዚያ ተመልሶ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ በሯን ዘጋ።

«የግቢውን በር ክፈቺ» አለኝ።

ሮጬ ሄጄ ጀርባዬን ለቆርቆሮው በር ሰጥቼ ቆምኩ። ቆርቆሮው ፀሐይ ጠጥቶ ጀርባዬን ያቃጥለኛል። «አልከፍትም!» አልኩ።

ማርሽ አስገባ። መኪናዋ ቀስ ብላ ወደ እኔ መጣች። በጭቃው ላይ ጎማዋ ሲጣበቅና ሲላቀቅ ይሰማኛል። ዓይኑን አየሁ፤ በላዬ ላይ አልፎ የሆነ ሩቅ ቦታ ያያል። የራዲያተሩ ሙቀት ጉልበቴ ላይ ሲደርስ ኮፈኑን በሁለት እጄ መታሁ። ቆመ።

«አለሽ?» አለ።

«አለሁ።»

ሞተሩን አላጠፋም። ትንሽ ቆየና የኋላ ማርሽ አስገባ፤ እስከ ቤቱ ደረጃ ሄደ፤ ቆመ። እንደገና መጣ። ኮፈኑን መታሁ፤ ቆመ። ተመለሰ። ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ አልቆጠርኩም። ርቀቱ አራት ሜትር ቢሆን ነው። ጎረቤቶች በግንቡ ላይ ያያሉ፤ አንድ ሰው አልሳቀም። በመጨረሻ ሞተሩን አጥፍቶ መሪውን እንደያዘ «የአውቶቡስ ትኬት ቁረጪ» አለኝ። «ምዝገባው እንዳያልፍሽ።»

ሄድኩ። ረዳቱ በየሳምንቱ እያየው፣ ጎረቤታችን ምግቡን እያቀረበችለት፣ አባቴ አዳማ ቀረ። ጠዋት ጠዋት ስደውል ከድምፁ በስተኋላ ሞተሩ ይሰማኛል። ሄዶ ሲመለስ፣ ሄዶ ሲመለስ። በሩ ላይ ሲደርስ እንዲያውቀው ረዳቱ መሬት ላይ ወፍራም እንጨት ቀብሮለት ነበር። ለእረፍት ስመጣ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ያኔ ዓይኑ ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። አንድ ጠዋት ደስ እንዲለው ብዬ «አባዬ፣ መቂ ደርሰናል፤ ሽንኩርት እየጫኑ ነው» አልኩት።

«አትቀልጂ» አለኝ። «ሽንት ቤቱ ጋ ነን። ይሸተኛል።»

ሁለታችንም እስክናለቅስ ሳቅን። በሕይወቴ እንደዚያ የሳቅኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

በአራተኛ ዓመቴ፣ ለመመረቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ፣ አባቴ ሞተ። ከቀብሩ በኋላ መኪናዋን ለረዳቱ ሰጠሁት፤ ከእሱ ሌላ የሚገባው ሰው የለም። ሊወስዳት የመጣ ዕለት ግን ቁልፉን መልሶ ዘረጋልኝ። «አንቺ አውጫት» አለ። «ከዚህ ግቢ አንቺ ብታወጫት ነው ደስ የሚለኝ።»

መንጃ ፈቃድ አውጥቼ ነበር። ገብቼ ተቀመጥኩ። ወንበሩ በአባቴ ቁመት ወደ ኋላ ተስቦ ስለነበር ፔዳሉን ለማግኘት ተንፏቀቅኩ። አስነሳኋት። አባቴ በጭቃው ላይ የሠራቸው ሁለት የጎማ ቦዮች ደርቀው እንደ ድንጋይ ጠንክረዋል፤ ጎማዎቹ ራሳቸው ገቡባቸው። ቀስ ብዬ ወደ ፊት ሄድኩ። ረዳቱ እንጨቱን ነቅሎ የቆርቆሮውን በር ሁለቱንም ክንፍ ከፍቶ ቆሟል። ከእሱ በስተኋላ መንገዱ፣ ባጃጆቹ፣ የጠዋቱ ፀሐይ።

አባቴ ሁልጊዜ የሚቆምበት ቦታ ላይ ስደርስ፣ ኮፈኑን የሚመታ ሰው እንዳለ ሁሉ፣ እግሬ ፍሬኑን ረገጠ።

«ምነው እህቴ?» አለ ረዳቱ። «ነይ እንጂ፤ ክፍት ነው እኮ።»

«አውቃለሁ» አልኩት።

ጠበቀኝ። ከኋላው የመጣ ባጃጅ ጡሩምባ ነፋ፤ እሱ ዞሮ እጁን አንስቶ «ታገሥ፣ ታገሥ» አለው። እኔ መሪውን በሁለት እጄ እንደያዝኩ፣ ዓይኔን ጨፍኜ የሞተሩን ምት አዳመጥኩ። ግራውም ቀኙም እኩል ይመታ ነበር።